ከመጋረጃ ጀርባ የተማርኩት ሙያ

ለምን ጡረታ ወጣሽ ለሚለኝ ሁሉ «ዕድሜዬ ደርሶ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀድመውኝ ጡረታ የወጡት አውራ ጣቶቼ ናቸው። ዛሬ የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅተኛል። የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ ካየ በኋላ «ሉባባ፣ ይሄ መገጣጠሚያ አልቋል። ከእንግዲህ በዚህ ጣት ሰው አትጫኚም» አለኝ። እኔ ራሴ ለስንቱ ሕመምተኛ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬያለሁ። ሲነገረኝ ግን ራጁን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሥራዬ ማሸት ነበር። በደመወዝ ወረቀቱ ላይ «የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ደግሞ «ወጌሻዋ የት ናት?» እያለ ይጠይቃል። በሁለቱም ስም ስጠራ አቤት ብያለሁ። ሰው ይሄን ሥራ ሲያስበው ቅባት ቀብቶ፣ ደባብሶ፣ ሰውን እንቅልፍ ማስወሰድ ይመስለዋል። ለእኔ እንደዚያ ሆኖልኝ አያውቅም። እጄን በሰው ገላ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነበር። ከቆዳው በታች ያለው ምንድን ነው? ብጫነው ይድናል ወይስ ይባስበታል? ይሄን ፍርሃት ያስተማረኝ ሰው ጋሼ ተፈራ ነው፤ ፍርሃቱም እስከ መጨረሻው ቀን አልተወኝም።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ስቀጠር ገና ወጣት ነበርኩ። በየማለዳው ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እገባለሁ፤ ማታ ደግሞ ቁልቁል እመለሳለሁ። ከማጸዳቸው ክፍሎች አንዱ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነበር። ሁለት አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ የእንጨት መሰላል፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ፣ በመሃል አረንጓዴ መጋረጃ። የክፍሉ ጌታ ጋሼ ተፈራ ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። በወጣትነቱ እግራቸው በፖሊዮ የሰለለ ልጆችን ሲያስታምም ነው ሙያውን የተማረው።

ጋሼ ተፈራ ሰው ከመንካቱ በፊት እጁን በሞቀ ውሃ ውስጥ አቆይቶ ያወጣል። «ቀዝቃዛ እጅ ጡንቻን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ጡንቻ ደግሞ ምስጢሩን አይናገርም» ይላል። ከዚያ ሕመምተኛው ያወለቀውን ጫማ አንስቶ ይገለብጠዋል። ሶሉ በየት በኩል እንዳለቀ አይቶ ሰውየው በየትኛው እግሩ ላይ እየወደቀ እንደሚራመድ ያውቃል። መጀመሪያ የሚነካውም ጤነኛውን ጎን ነው። «ደህናውን ሳታውቂ የታመመውን በምን ትለዪዋለሽ?» ይለኝ ነበር። ሲጫን አያወራም፤ ሌላውም እንዲያወራ አይፈቅድም። ፊትም አያይም፤ የሚያየው የእግር ጣቶችን ነው። «ፊት ይሉኝታ አለበት፤ አሞትም አላመመኝም ይላል። የእግር ጣት ይሉኝታ አያውቅም።»

እጄን በዚህ ሥራ ያስገባችው አንድ ከገጠር የመጣች እናት ናት። የእጇ ስብራት ከተጠገነ በኋላ ትከሻዋ ደርቆ ክንዷን ማንሳት አቅቷት ነው የመጣችው። ጋሼ ተፈራ ሊያያት ሲጠጋ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«ወላሂ፣ የወንድ እጅ አይነካኝም። ይቅርብኝ፣ እንደደረቀ እኖራለሁ።»

በዚያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ሴት ባለሙያ አልነበረም። እኔ ጥግ ላይ ወለል እየወለወልኩ ነበር። ጋሼ ተፈራ ዞር ብሎ አየኝና «ሉባባ፣ መወልወያውን አስቀምጪና እጅሽን ታጠቢ፤ በሞቀ ውሃ» አለኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ እቆማለሁ። እጁ ያንቺ፣ ሥራው የኔ።»

መጋረጃውን ስቦ ውጭ ቆመ። እኔና ሴትየዋ ውስጥ ቀረን። እሷም ፈርታለች፣ እኔም ፈርቻለሁ።

«ጣትሽን ከትከሻዋ ጫፍ በስተኋላ አሳርፊ። አትጫኚ፣ አሳርፊ ብቻ። ምን አገኘሽ?»

«ሥጋ።»

«ሥጋማ ሥጋ ቤትም አለ። ምን ይመስላል? እንደ ሊጥ ነው? እንደ ገመድ ነው?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «እንደ ገመድ። መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ሽምብራ የደረቀ ነገር አለ።»

«እሱን ነው የምንፈልገው። ጣትሽን በላዩ አቁሚና ትንፋሿን ጠብቂ። ስታወጣ ተጫኚ፤ ስታስገባ ላላ አድርጊ።»

የዚያን ቀን ከግንባሬ ላብ ይወርድ ነበር። ሴትየዋ ተመላልሳ መጣች፤ በመጨረሻ ክንዷን አንስታ ሻሿን ራሷ ስታስር ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሴት ሕመምተኛ ስትመጣ ወለሉ ይቆይና ሉባባ ትጠራ ሆነ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። የማልናገረውን ጣቴ እንደማያውቀው የተማርኩት ያኔ ነው፤ እሱ ስለማያይ፣ የዳሰስኩትን ሁሉ በቃል ማስረዳት ነበረብኝ። ኋላ አለቆቼ አዲስ አበባ ልከው ሥልጠና አስገቡኝ፤ ነጭ ጋውን ለበስኩ። ስመለስ መጋረጃው ብዙም አላስፈለገንም። ሆኖም ጋሼ ተፈራ ከውጭ ቆሞ «ምን አገኘሽ?» ማለቱን አልተወም።

ዘሀራ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

ዘሀራ ከቢስቲማ አካባቢ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ባሏ ሙሄ ገበሬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ አመለኛ ያልሆነ ሰው። ወገቧን ከታመመች ወራት አልፈዋል። አልጋው ላይ በሆዷ አስተኝቼ ጣቴን በአከርካሪዋ ላይ ከአንገቷ ጀምሬ ወደ ታች ሳወርድ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ አንዱ አጥንት እንደታጠፈ ጣት አንጓ ብቅ ብሎ አገኘሁት። በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ነካ ሳደርገው መላ ሰውነቷ ዘለለ። የእግሯን ጣቶች አየሁ፤ ተቆልምመዋል።

እጄን አነሳሁ። «ማታ ማታ ያልብሻል?»

«ልብሴ እስኪርስ። ምነው?»

«ከስተሻል?»

«ይሄው ቀሚሴ ሁለት ሰው ያስገባል።»

«እግርሽንስ?»

«ይነዝረኛል። አንዳንዴም የኔ አይመስለኝም።»

ወጥቼ ለጋሼ ተፈራ ነገርኩት። መልኩ ተለወጠ። «ተጭነሻል?»

«አልተጫንኩም።»

«ጎሽ። ሐኪሙን ጥሪ። ከአልጋ ሳትወርድ ራጅ ትነሳ።»

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ግን ጠንቃቃ። ራጁን አይቶ ለሙሄ አስረዳው፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፣ አጥንቱ ተበልቷል፣ መተኛት አለባት፣ መድኃኒቱ ረጅም ነው፣ ግን ይድናል አለው። ሙሄ አዳምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«እቴ፣ እኛ የመጣነው አንቺ እንድታሺያት ነው። አሽተሽ ትሸኚናለሽ ብለን ነው ልጆቹን ጎረቤት ያስቀመጥነው።»

«ይሄ የሚታሽ አይደለም፣ ወንድሜ። አጥንቷ እንደ ደረቀ ዳቦ ሆኗል። የተጫነው ሰው ይሰብረዋል። ከተሰበረ ደግሞ እግሯ ይሞታል።»

«ሳምባ የሚታመመው ደረት ነው። እሷ ሳል እንኳ የላትም።»

ሐኪሙ ደገመለት። ጋሼ ተፈራም ደገመለት። እኔም ዘሀራ አጠገብ ተንበርክኬ ነገርኳት። ባሏን አየች። ባሏ ወለሉን አየ። በመጨረሻ «ሰፈራችን ሸህ እንድሪስ አሉ። ስንቱን አጥንት መልሰዋል። ካልሆነ እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ» ብሎ አነሳት። በሁለት እግሯ ነው የወጣችው። ኮሪደሩን ስትሄድ፣ እጇን ግድግዳው ላይ እያሳረፈች፣ አሁንም ይታየኛል።

ተመልሳ የመጣችው በቃሬዛ ነው። ሙሄ ከኋላ ይከተላል፤ ከዚያን ቀን በኋላ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ሸህ እንድሪስ ብቅ ያለውን አጥንት አይቶ «ወጥቷል» ብሎ ተረከዙን አሳርፎ ሊመልሰው ሞክሯል። ያኔውኑ ከወገቧ በታች ስሜቷ ጠፋ። የእግሯን ጣት ቆነጠጥኩ፤ አልተንቀሳቀሰም። ጠንከር አድርጌ ቆነጠጥኩ። ዘሀራ ጣሪያውን እያየች «ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ።

መድኃኒቱን ጀመረች፤ አዲስ አበባም ሄዳ በቀዶ ሕክምና አከርካሪዋ ተስተካከለ። ነቀርሳው ዳነ። እግሯ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ ጀርባዋ እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ቁርጭምጭሚቷ ደርቆ እንዳይቀር በየቀኑ ማጠፍና መዘርጋት፣ ክንዷን አጠንክሮ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር በእጇ ተሻግራ እንድትቀመጥ ማስተማር ሆነ። ጎበዝ ነበረች። በራሷ መሻገር የቻለች ቀን እኔ አጨበጨብኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰብስባ እንዲህ አለችኝ፦

«ሉባባ፣ ያን ቀን ለምን እጄን ይዘሽ አላስቀረሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኛል። መንገርና መያዝ ግን አንድ ነው?»

ሰውን በግድ ይዞ የሚያስቀር ሕግ የለም፤ እሱም ባሏ ነው፣ እሷም አዋቂ ናት። ይሄን ሁሉ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጥያቄዋን ግን አላነሳልኝም።

በሸህ እንድሪስ ላይ ነደድኩ። ልከሰው፣ ላዋርደው ተነሳሁ። ጋሼ ተፈራ እስክጨርስ ሰማኝና «ከሰሽው እንበል። ነገ ወገቡን የታመመ ሰው ማን ጋ ይሄዳል?» አለኝ።

«ሌላ ወጌሻ ጋ።»

«ስለዚህ ሄደን እንየው።»

አንድ ቅዳሜ ቢስቲማ ሄድን። የሸህ እንድሪስ ግቢ ከዋንዛው ሥር ሰው ሞልቶታል። ትከሻው የወለቀ ጎረምሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ያቃስታል። ሸህ እንድሪስ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ሰፊ መዳፍ ያላቸው ሰው ናቸው። ከጎረምሳው ጋር ስለ በሬ እያወሩ፣ ክንዱን ቀስ እያሉ ወደ ውጭ አዙረው፣ ሳያስበው ቦታው መለሱት። ጎረምሳው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ጋሼ ተፈራ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሥራውን አይቼ እኔም በልቤ አደነቅኩ፤ ያም ይበልጥ አናደደኝ።

ሰላምታ ተለዋውጠን ተቀመጥን። ጋሼ ተፈራ ነገሩን በዝግታ ሊጀምር አስቦ ነበር። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ሸሁ፣ ዘሀራን ያስታውሷታል? ወገቧን የታመመችውን፣ የሙሄን ሚስት?»

ከኋላቸው የቆሙት ሁለት ትልልቅ ልጆቻቸው ወደ እኔ ተጠጉ። አንደኛው «እናንተ ማን ናችሁ?» አለ። ሸህ እንድሪስ በእጃቸው አስቆሙት።

«እንዴት አላስታውስ? እዚሁ አይደል እግሯን ያጣችው?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አጥንቱ ወጥቶ ነበር። የወጣ አጥንት ይመለሳል ብዬ ነው። አባቴም እንዲሁ ሲያደርግ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በላሁት የምለው እህል የለም።»

«አልወጣም ነበር። ተበልቶ ነው የተደፋው።»

«ታዲያ በምን ይለያል?» አሉኝ። መከላከል አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁት። ልቤ ያዘጋጀው ስድብ አፌ ላይ ቀረ።

መልሱን የሰጠው ጋሼ ተፈራ ነው። ኮቱን አውልቆ፣ ያ ረጅም ሰውዬ፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቦ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኛ። «ሉባባ፣ በኔ ላይ አሳዪያቸው» አለኝ። ተንበርክኬ የሸሁን ጣት ያዝኩና ከጋሼ ተፈራ አንገት ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩት።

«አንድ በአንድ ይቁጠሩ፣ ሸሁ። ሁሉም በአንድ መስመር፣ እንደ መቁጠሪያ። አሁን አንዷ እንዲህ ብቅ ብላ ብትገኝ፣ ሰውየውም ወድቆ ወይም ተመትቶ ካልሆነ፣ ማታ ማታ ካላበው፣ ከከሳ፣ እግሩን ከነዘረው፤ እጅዎን ያንሱ። አይጫኑት። ወደ እኛ ይላኩት።»

ሸህ እንድሪስ ደጋግመው ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው «ላኢላሃ ኢለላህ» አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ «አንድ እግሩ ብቻ ያበጠስ? እሱም ይመጣብኛል» ብለው ጠየቁ። ስለዚያም አወራን። ስለ ስብራት ማሰሪያም አወራን፤ ጣት ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ወዲያው እንዲፈታ። ስንነሳ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ወዳጅ ሆነን ተለያየን ብል ውሸት ይሆናል፤ ልጆቻቸው እስከ መጨረሻው በዓይነ ቁራኛ ነው ያዩኝ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ «ሸህ እንድሪስ ልከውኝ ነው፣ እኔ አልነካህም ብለውኝ» የሚል ሰው በክፍላችን በር ላይ መቆም ጀመረ።

ጋሼ ተፈራ ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ኋላ ከተማችን የደረሰውን ጦርነት አላየም። እኛ ተሰደን ስንመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ማሞቂያው የለም፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያው የለም፣ መሰላሉም ተነቅሎ ለማገዶ ሄዷል። የቀረው አንድ የብረት አልጋ ነው። ጥይት ነርቩን የመታው ወጣት፣ እግሩ ተቆርጦ ጉቶው የሚያቃጥለው አባወራ፣ ሁሉም እዚያው አልጋ ላይ ተራ በተራ ይተኛል። ያለን መሣሪያ እጃችን ብቻ ነበር። አውራ ጣቶቼ ያለቁት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ዘመን በኋላ ነው ሀያት የመጣችው። ሥራ ቦታ አልነበርኩም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ቤቴ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። እማማ ከድጃ የተባሉ ከደጋን ከተማ የመጡ እናት ምራታቸውን ደግፈው ገቡ። ሀያት ገና አራስ ናት፤ በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ስለሆነ አልነበረም። ሕፃኑ በእማማ ከድጃ ጀርባ ታዝሏል።

«ልጄ፣ እጅሽ ፈውስ ነው ብለውኝ ነው» አሉኝ እማማ ከድጃ። «ቁስሉ እንዳይከፈት ብላ ከተኛችበት ስላልተነሳች እግሯ ላይ ደም ቋጠረ። አፍታቺልኝ።» ከነጠላቸው ሥር የቀለጠ ቅቤ በቆርቆሮ አወጡ።

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጌ እግሮቿን ጎን ለጎን አየሁ። ቀኝ ባቷ ደህና ነው። ግራው አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ፤ ይፋጃል። ቋንጃዋ ላይ ጣቴን አሳርፌ ሳልጨርስ የእግሯ ጣቶች ተቆለመሙ። እጄን አነሳሁ።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ደም ቋጥሯል። ይሄ ቋጠሮ ግን በእጅ አይፈታም። ብናሸው ተቆርጦ ሽቅብ ይሄዳል። ሳምባዋን ይዘጋዋል። አሁኑኑ ደሴ መሄድ አለባት።»

«ምን ሽቅብ ይሄዳል? እኔም ስወልድ አብጦብኛል፤ እናቴ በቅቤ አሽታ ነው ያዳነችኝ።»

«ያ ሁለቱም እግርዎ ይሆናል፣ እማማ። ይሄ አንዱ ነው።»

«ልጄ መንገድ ላይ ሆኖ የሚጠይቀው እኔን ነው! ሚስቴን ምን አደረግሻት ቢለኝ ምን እላለሁ? አንቺ እንቢ ካልሽ እኔ እጅ አለኝ።» ቅቤውን በመዳፋቸው ዘግነው ወደ ባቷ ጎንበስ አሉ።

የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። በሁለት እጄ፣ አጥብቄ። የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት፣ በገዛ ቤቴ፣ እንግዳ ሆነው መጥተው። ቅቤው በጣቶቼ መሃል ይወርዳል።

«ልቀቂኝ!»

«አልለቅዎትም።»

«ጎረቤት እጠራለሁ!»

«ይጥሩ። መኪና ያለው ጎረቤት ከመጣ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ሀያትን ግን አይነኳትም።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። የለየን የሀያት ድምፅ ነው።

«እማ... ደረቴን ወጋኝ።»

ዞር ስል ከንፈሯ አመድ መስሏል። ትንፋሿ አጠረ። እማማ ከድጃ ቆርቆሮውን ጣሉት።

ጎረቤቴ ፒካፕ ነበረው። ሀያትን ከኋላ መቀመጫ ላይ ጀርባዋን ቀና አድርጌ አስደገፍኳት፤ እግሯ እንዳይወዛወዝ በጭኔ ላይ አሳርፌ በክንዴ አቀፍኩት። በየቀኑ የምመላለስበት ሐረጎ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከግማሹ በላይ ጭጋግ ወርዷል። አንዱ ኩርባ ላይ የተበላሸ ተሳቢ መንገዱን ይዞ፣ መኪኖች ተራ በተራ በጠርዙ ይሾልካሉ። ጎረቤቴ ወርዶ «አራስ ይዘናል! ልቀቁን!» እያለ ጮኸ። ሀያት ዓይኗ ሊከደን ሲል «አብሽሪ፣ ሀያት፣ እኔን እያየሽ ተንፍሺ» እላታለሁ። ጣቴ የእጇ አንጓ ላይ ነው፤ የደም ምቷ እንደ ወፍ ልብ ይፈጥናል። ከፊት እማማ ከድጃ ሕፃኑን እቅፋቸው ውስጥ ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። የትኛውን ዱዓ እንደሚሉ አላውቅም፤ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞሩም። የፈሩ ይመስለኛል፣ ዞረው የሚያዩትን።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም እግሯን አይቶ፣ ደረቷን አዳምጦ፣ ሁለት ቃል አልጠየቀኝም። ኦክስጅን ተደረገላት፤ ደም የሚያቀጥነውን መርፌ ወጓት። «አሽታችኋል?» አለኝ ብቻ።

«አልታሸም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ትንሽ ቁራጭ ደርሷታል። ትልቁ ግን እግሯ ላይ ነው ያለው። አላህ አተረፋት።»

ኮሪደሩ ላይ ከእማማ ከድጃ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሕፃኑ ርቦት ያለቅሳል። እሳቸው ያባብሉታል። አንጓቸው ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀልቶ ይታያል፤ በነጠላቸው ሸፈኑት። ይቅርታ ልላቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አልመስል አለኝ። ነርሷ ወጥታ «ልጁን አምጡት፣ እናትየዋ ትጠይቃለች» ስትል ተነሥተው ሮጡ።

ሀያት ዳነች። ወራት መድኃኒት ዋጠች፤ እብጠቱም ቀስ በቀስ ጎደለ። ባሏ ከጅቡቲ ሲመለስ መጥቶ አመሰገነኝ፤ ቴምር ይዞልኝ። እናቱ ግን አልመጡም፣ ሰላምታም አልላኩም። ቅር ብሏቸዋል አልኩ። እኔ እሳቸውን ብሆን ቅር ይለኝ ነበር፤ ሴት በሰው ፊት እጇን ተይዛ፣ እንደ ሌባ።

ጡረታዬ ሊደርስ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት፣ ክፍሌ በር ላይ ሰው ሲያንኳኳ ቀና አልኩ። እማማ ከድጃ ናቸው። ከደጋን ብቻቸውን መጥተዋል። ገቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ጉልበታቸው አብጧል። ሲታጠፍ ይንቋቋል።

«ሰነባበተ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ደጋን ውስጥ የሚያሽ ሞልቷል። ላሽዎ ያለኝንም ሁሉ አባረርኩ።» ከዚያ ዞረው አዩኝ፤ እጃቸውን ዘርግተው የኔን እጅ ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«በይ ዳብሺውና ንገሪኝ፣ ልጄ። የሚታሽ ነው?»